የሰንበሌጥ ሰው «አሳየኝ» አይልም

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትይዝ የሻረግ በሁለት እጇ ኮርቻውን ጨበጠች። አርባ ቀን ሙሉ ከጓዳ ያልወጣ እግር እርካብ ላይ ሲያስቀምጡት የራስ አይመስልም። ዓይኗም ከጨለማ ቤት ወጥቶ የታኅሣሥ ፀሐይ ላይ ሲያርፍ እንባ አቀረረ፤ ከብርሃኑ ነው እንጂ እሷስ ደስ ብሏት ነበር። ባሏ ፈንታ ልጓሙን ይዞ ይስባል። አማቷ እማማ ካሣነሽ ሕፃኑን በነጠላቸው ሥር አቅፈው ከኋላ ይከተላሉ። የክርስትና አባት ሊሆን ቃል የገባው ይርጋ ደግሞ የሚሊሻ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ከሁሉም ፊት ፊት ይራመዳል።

«እማማ፣ እርስዎ በቅሎዋ ላይ ይውጡ ስል እኮ እምቢ አሉ» አለች የሻረግ ዞር ብላ።

«እኔ ይህን ልጅ ይዤ የእንስሳ ጀርባ ላይ አልወጣም። ብትደናቀፍስ? የራሴ እግር ቢደናቀፍ በራሴ ወደቅሁ እላለሁ።»

ይርጋ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን የተፈራውን ጥያቄ አመጣው። «ለመሆኑ ስሙን መቼ ልትነግሩኝ ነው? ቄሱ ካጠመቁት በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ የምጣራው እኔ ነኝ። እንግዳው ልበል?»

ፈንታ ስሙ በተነሣ ቁጥር «እግዜር የፈቀደው ይሆናል» ይልና ወደ ከብቶቹ ይሄዳል፤ ዛሬ ከብት የለም፣ በቅሎዋን ጎተተ።

«አሳየ በለው» አሉ እማማ ካሣነሽ።

«አይባልም» አለች የሻረግ።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው የአማትና የምራት ንትርክ ይመስለዋል። ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ አፋፍ ሲወርዱ ሰንበሌጥ ጊዮርጊስ የሚባል ደብር አለ። የዚህ ደብር ሰው «አሳየኝ» አይልም። የአርብ ገበያ ጨርቅ ሻጮች ይህን ያውቃሉ። ሌላው ገበያተኛ «እስኪ ያንን ሻሽ አሳየኝ» ሲል የሰንበሌጥ ሰው «እስኪ ልየው» ይላል። ነጋዴዎቹ ሊያሾፉበት «አሳየኝ ካላልክ አላወርድልህም» ቢሉት ሻሹን ትቶ ይሄዳል እንጂ ቃሉን ከአፉ አያወጣም። ምክንያቱም በጣሊያን ጊዜ የደብሩ ሕዝብ ሴት ሕፃኑን ይዞ ገደሉ ወገብ ላይ ካለው ዋሻ ገብቶ ተደብቆ ነበር፤ መንገዱን ከአገሬው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ለጣሊያን ወታደር መርቶ ያሳየው ባሻ አሳየ የተባለ የደብሩ ሰው ነው። ጣሊያን የዋሻውን አፍ በእንጨት ሞልቶ እሳት ለቀቀበት። በሕይወት የወጣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቦታው ጭስ ዋሻ ይባላል፤ ከብት እንኳ ወደዚያ አይነዳም። የዚያን ዓመት አልቃሽ ያወረደችውን ግጥም ዛሬም ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፦

ምን ታይቶት ኖሯል፣ ያጠመቀው ቄስ፤
አሳየ ያለው፣ እዚህ ቀን ሊደርስ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሰንበሌጥ ሰው ግን ያንን ስም ያወጣው መልአክ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሲጠራጠር ይኖራል።

እማማ ካሣነሽ የባሻ አሳየ ልጅ ናቸው። ሌላ የተረፈ ዘር የለውም። የሻረግ ደግሞ የአባቷ ወገን ከሞላ ጎደል ጭስ ዋሻ ውስጥ ያለቀ ነው። ፈንታ ሲያጫት ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ስንት ዘመድ ከሠርጉ እንደቀረ እነሱ ያውቁታል። የሻረግ ሰውየውን ወዳው አገባችው፤ አማቷንም ወደደች። ያን ስም ግን በወተቷ ልታሳድገው አልፈለገችም።

«ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሞት» አሉ እማማ ካሣነሽ ከኋላ። «አባቴ ግን በየገበያው ይሞታል። ስሙን በደግ የሚጠራለት አንድ አፍ ይኑረው ብዬ ነው። እኔ ነገ ዛሬ እሞታለሁ።»

«ሌላ ያዘዙኝን ሁሉ እሽ ብያለሁ፣ እማማ።»

«ይህንንም እሽ በይ።»

«ልጄ በየደረሰበት ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ማን ያጋባዋል? ማን አብሮት ያርሳል?»

ያን ጊዜ በቅሎዋ ቆመች። ከወይራው ሥር፣ መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚታጠፍበት ላይ ወታደሮች ቆመው ነበር።

ካኪያቸው በአቧራ ነጥቷል። ከፊታቸው የቆመው መቶ አለቃ ወጣት ነው፤ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። ከጎኑ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞላ ራሱን አቀርቅሮ በዱላው መሬት ይጭራል። የሻረግ ሞላን ባየች ጊዜ ወታደሮቹ ምን ሊፈልጉ እንደመጡ ገባት። ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ከገባ ወዲህ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሰበሰበው ወጣት እየጠፋ የሊቀመንበሩ ኮታ እንደጎደለ የማያውቅ የለም። የጠፉት ደግሞ ሩቅ አልሄዱም። ከነሱ አንዱ የእሷ ታናሽ ወንድም ላቀው ነው፤ ከሌሎቹ የደብሩ ልጆች ጋር ንብ ዋሻ በሚባለው፣ ከጭስ ዋሻ ማዶ ባለው ገደል ተደብቋል። ቆሎና በሶ የሚያደርስላቸው ማር ቆራጭ መስሎ የሚሄደው ፈንታ ነው።

«ፈንታ ማነው?» አለ መቶ አለቃው።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጌታ የሚባል ቀርቷል። ጓድ በል።»

«እሽ፣ ጓድ ጌታዬ።»

ከወታደሮቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። መቶ አለቃው አልሳቀም። «የአያትህ ታሪክ ተነግሮኛል» አለ ወደ ሞላ ሳያይ። «ለፋሺስት ዋሻውን አሳይቷል። አንተ ደግሞ ለእናት አገርህ አሳይ። እዚያ የተደበቁ ዘማቾች አሉ። አያትህ ያሳየውን ዋሻ አሳየን።»

ቃሉ እንዲህ ባደባባይ ተደጋግሞ ሲነገር ሰምተው አያውቁም። ይርጋ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እማማ ካሣነሽ የሕፃኑን ጆሮ በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ እንደሚሰማ ሁሉ።

«ልጄ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው» አለ ፈንታ። «ክርስትና ልናስነሣ እየሄድን ነው።»

«ጥሩ። አሁን ረፋድ ነው። ካሳየኸን ከቅዳሴ በፊት ያልቃል። ካላሳየኸን ግን ሚስትህም ልጅህም ከቤት አይወጡም፤ ዛሬም፣ ነገም።» ወደ ይርጋ ዞረ። «አንተ ሚሊሻ፣ መልሰህ ዝጋባቸው። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ተደብቆ ያለው እጁን እንዲሰጥ አንድ ጥይት እንተኩሳለን። ጥይቱን ስትሰማ ልቀቃቸው። ካልሰማህ አትልቀቅ።»

ሕፃኑ በዚህ መካከል ሳለ። ሳል ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሉ ደረቅ ነው፣ ጡትም ይዞ ይተዋል። የሻረግ የበኩር ልጇም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ያ ልጅ አርባ ቀን ሳይሞላው ሞተ፤ ስላልተጠመቀ ስም የለውም፣ ስም ስለሌለውም ፍታት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ግራር ሥር ተቀበረ። በየክብረ በዓሉ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ እሷ ግራሩ ጋ ትቆማለች። ሁለተኛውንም እዚያ ማስገባት አትችልም። ፈንታ ይህንን ያውቃል። አሁንም ሳሉን ሲሰማ ወደ ልጁ አየ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ አየ።

ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞሮ በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረ።

«እሽ» አለ፤ «አሳያችኋለሁ።»

የሻረግ ከበቅሎዋ ማን እንዳወረዳት አላወቀችም።

ቤቱ ስትወጣ እንደተወችው ነበር። የአራስ ቤት ጨለማው፣ የቅቤው ሽታ፣ የተዳፈነው ፍም። ይርጋ መዝጊያውን ከውጭ ቀረቀረና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ ከዚህ ቤት ወጥታ ነበር፤ ፀሐይ አይታ ነበር። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶለት የተመለሰ እስረኛ ጭራሽ ካልወጣው ይልቅ ይጨንቀዋል።

መዝጊያው ላይ ተለጠፈች። «ይርጋ! ይርጋ፣ የእኔ ወንድም! ባቋራጭ ብትሮጥ ትቀድማቸዋለህ። ንብ ዋሻ ድረስ አይደለም፣ ከአፋፉ ላይ ብትጮህላቸው ይሰማሉ።»

«ሞላ ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለ ይርጋ ከውጭ። «ካወላወልክ የአንተ ልጅ ኮታውን ይሙላ አለኝ። ልጄ ገና ጢም አላበቀለም፣ የሻረግ። እኔም የተቀረቀርኩ ነኝ፤ ለእኔ መዝጊያው አይታይም እንጂ።»

ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑን ከአማቷ ተቀብላ ጡት ሰጠችው፤ ያዘ፣ ተወ፣ ሳለ። ጆሮዋ ግን ገደሉ ጋ ነበር። ጥይቱ ከተሰማ ልጇ ይጠመቃል። ጥይቱ ከተሰማ ላቀው አለቀለት። ቅዱስ ጊዮርጊስን እንዲተኮስ ለመነችው፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይተኮስ ለመነችው። ሁለቱንም ከልቧ ነው የለመነችው፤ ሰማዕቱስ የትኛውን ይስማ?

«ምናልባት ጭስ ዋሻ ወስዷቸው ቢሆንስ?» አለች በድንገት። ተስፋ የሌለው ሰው ከድንጋይ ውኃ ይጠብቃል።

እማማ ካሣነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያማ አይሄድም። ልጅ ሳለ በጊዮርጊስ አስምዬዋለሁ፤ እኔ በሕይወት ሳለሁ እግሩ እዚያ እንዳይረግጥ። ፈንታ መሐላ አያፈርስም፤ ታውቂው የለም?»

ታውቀዋለች። ያቺም ተስፋ ተዘጋች።

ከዚያ አሮጊቷ ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለእሳቱ የሚያወሩ እንጂ ለሰው የሚያወሩ አይመስሉም። «ሰባት ዓመቴ ነው። የጣሊያኑ አስካሪ ወታደር በጠጉሬ ይዞ ከአፋፉ ላይ አውጥቶ አንጠለጠለኝ። እግሬ ከመሬት ተነሥቷል። ከሥር የማየው ጥንብ አንሣ ሲያንዣብብ ነው። አባቴ ደበደቡት አልተናገረም፣ ጥፍሩን ነቀሉት አልተናገረም። እኔ አባዬ ስል ነው የተናገረው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አባቴ ንጹሕ ነው ብዬ አልዋሽሽም። አሳይቷል። ያን ሁሉ ሰው አስፈጅቷል፤ የአንችንም ወገን። ግን የሸጠው በእኔ ነው። ይህ የተቀመጠው ሥጋ ዋጋው ያ ሁሉ ሰው ነው። ሰው አባቴን ሲረግም እኔን ባልኖርሽ እያለኝ ነው። ስሙን አውጡልኝ የምል ለሱ ብቻ መሰለሽ?»

የሻረግ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። አዘነችላቸው፤ ማዘኗም አበሳጫት። ዛሬ ለማዘን የሚሆን ልብ አልነበራትም።

«ዋሻው ውስጥ የነበረውም እኮ ሁሉም ሴት ልጅ ነበረው፣ እማማ» አለች።

«ነበረው» አሉ እማማ ካሣነሽ። «ነበረው፣ ልጄ።»

ጥይቱ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። አንድ ነው፤ ገደሉ ግን ተቀባብሎ አበዛው፤ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አይቻልም። ሕፃኑ ደንግጦ እጆቹን ዘረጋ። የሻረግ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ፈንታ አሳይቷል። ላቀውን በሶ በሚያበላበት እጁ ጠቁሟል። ለልጁ ብሎ ነው። ለልጁ ብሎ መሆኑን ስታስብ ይበልጥ ጠላችው፤ ምክንያቱም እሷም በልቧ ጥይቱን ለምናለች።

መዝጊያው ተከፈተ። ይርጋ ዓይኗን ሳያይ «ቅዳሴው ሳይገባ እንድረስ» አለ።

በቅሎዋ ላይ አልወጣችም። ልጇን ራሷ አቅፋ በእግሯ ሄደች። ቀኑ ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ አስቀድሰው ሊያስቆርቡ የመጡ ሴቶች በመንገዱ ላይ በርክተዋል። ሁሉም ጥይቱን ሰምተዋል። ፈንታ ከወታደር ጋር ወደ ገደሉ ሲወርድ ያየም አለ። ሰላም የሚል አልነበረም። አስካለ የምትባል ጎረቤቷ፣ የምጥ ቀን ወገቧን የደገፈቻት፣ ልጇ ከላቀው ጋር ንብ ዋሻ ያለባት ሴት፣ መንገድ ለቃ ቆመች። ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ፦

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለች።

ቄስ ተክለ ሃይማኖት ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ላይ መጽሐፋቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸውም የእህት ልጅ ንብ ዋሻ ነው። ግን ቄስ ናቸው፤ ሕፃኑን ተቀበሉ፣ ጸለዩ፣ ውኃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነከሩት፣ ሜሮን ቀቡት፣ ማተቡን አሰሩለት፤ ወልደ ጊዮርጊስ ብለው የክርስትና ስሙን ሰጡት። ሕፃኑ ከውኃው ሲወጣ ሳለ፣ ከዚያ ደህና አድርጎ አለቀሰ። የሻረግ ይህን ልቅሶ ስትሰማ ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ግራር አየች። ይህኛው እንግዲህ ግራሩ ሥር አይቀበርም። የፈለገችው ይህን ነበር፤ አገኘችው፤ ዋጋውም ይኸውና።

ደጀ ሰላሙ ላይ ይርጋ ጠጋ ብሎ «የዓለም ስሙስ?» አላት በሹክሹክታ። እንደ ደብሩ ልማድ የክርስትና አባቱ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ሴቶቹ በእልልታ ይቀበላሉ። ሴቶቹ ቆመዋል። ምን እንደሚባል ለመስማት ሳይሆን እሷን ለማየት ነው የቆሙ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ ነው። የሻረግ ያን ቀን ሙሉ አፍና የያዘችው ነገር በአንድ ቃል ወጣ።

«ሁላችሁም በሆዳችሁ አውጥታችሁለታል እኮ» አለች ጮክ ብላ። «አሳየ በለው! አሳይቷል፤ አሳየ በለው!»

ይርጋ ወደ አሮጊቷ አየ። ከዚያ እያመነታ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣራ፤ «አሳየ።» ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተወው። እልልታ የለም።

እማማ ካሣነሽ፣ ይህን ስም ለመስማት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁ ሴት፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «በዚህ አፍ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «እኔ በዚህ አፍ አልለመንኩሽም።»

ወታደሮቹ የመጡት ሰው ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ነው። ከገደሉ ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው መንገድ የቤተ ክርስቲያኑን ካብ ተጠግቶ ያልፋል፤ ሰልፋቸው ከጉብታው ሥር ብቅ አለ። አስካለ ወደ ካቡ ሮጠች። ሌሎቹም እናቶች ተከተሏት። እያንዳንዷ የልጇን ራስ ፈለገች። ካኪ ለባሽ አለፈ፣ ሌላ ካኪ ለባሽ አለፈ፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ክንዱን የፊጥኝ ታስሮ ይሄዳል። ፈንታ ነው። ከሱ ሌላ የታሰረ አልነበረም።

«ልጆቹስ?» አለች አስካለ በሹክሹክታ።

የወታደሮቹ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የፈንታም እግር እስከ ጉልበቱ አመድ ለብሷል። አሮጌ አመድ ነው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ አመድ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

መቶ አለቃው ካቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኮዳውን አውጥቶ ጠጣ፤ አፉን ሳይጠርግ ቄስ ተክለ ሃይማኖትን አያቸው። «እዚህ አገር ሰው ሲሞት አይቀበርም እንዴ?» አላቸው።

«ከዚያ ወዲህ የገባበት የለም፣ ልጄ። የደፈረ የለም።»

«ሕፃናት አሉበት» አለ መቶ አለቃው። ይህን ሲል ድምፁ የወታደር አልነበረም። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ፈንታ ዞረ። «ይህ ሰው የአብዮቱን ሠራዊት አታሏል።»

«አላታለልኩም፣ ጓድ ጌታዬ» አለ ፈንታ። ከንፈሩ አብጧል፤ ቢሆንም ንግግሩ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር። «አያትህ ያሳየውን ዋሻ አሳየን አላችሁ። አያቴ ያሳየውን ዋሻ አሳየሁ።»

የሻረግ ካቡን ይዛ ቆመች። ካልያዘችው ትወድቃለች። አሳያችኋለሁ ያለው ለካ እንዲያ ነው። ሰው ሲዝት ቆይ አሳይሃለሁ ይል የለም? እሷ ግን ቃሉን ፈርታ ስላደገች የሰማችው በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነበር።

«እኔ ኮታዬን ይዤ ንፋስ መውጫ ካልገባሁ እኔም አልተርፍም» አለ መቶ አለቃው። «ስለዚህ በእነሱ ፈንታ አንተ ትሄዳለህ። ኦራል መኪናው አርብ ገበያ ቆሟል። ሌሎቹን ደግሞ ተመልሰን እንፈልጋለን።»

ፈንታ የተባለው ታላቅ ወንድሙ ሞቶ በምትኩ ስለተወለደ ነው። መቶ አለቃው ምን እንዳለ አላወቀም፤ የሰንበሌጥ ሰው ግን ሁሉም ሰማ። አንዳንዱ ስም እንዲህ ባለቤቱን እየጠበቀ ይኖራል።

ፈንታ ሚስቱን አያት፤ ከዚያ የሕፃኑን አንገት አየ። ማተቡ አዲስ ነው።

«ተጠመቀልኝ?» አላት።

«ተጠመቀ።»

«ማን አላችሁት?»

ይርጋ መሬት መሬት አየ። መልሱን ከሷ በቀር የሚሰጠው የለም። «አሳየ» አለች። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። በክፉ ልብ ነው ያወጣሁት፣ ፈንታ። ያሳየህ መስሎኝ ነው። ይቀየር?»

ፈንታ ብዙ አላሰበም። «ተይው» አለ። «ከባድ ስም ነው፤ ግን እኔ ትንሽ አቅልየለታለሁ።» ወደ እናቱም ዞረ። «እማዬ፣ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ንስሐውን አንች ያዥልኝ።»

አንዱ ወታደር በትከሻው ገፋው። ሰልፉ ተነቃነቀ። የሻረግ ልትከተለው ብላ ካቡን ልትዘል ሞከረች፤ አርባ ቀን የተኛ ጉልበት እምቢ አላት። የባሏ ጀርባ ሲርቅ፣ የታሰረው ክንዱ ሲርቅ ታያለች፤ ግማሽ ቀን ጠልታው ነበር። ወደ ይርጋ ዞረች።

«ሦስት ጊዜ ነው ደንቡ» አለችው። «ጨርሰው።»

ይርጋ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ካቡ ላይ አስደገፈውና በሙሉ ድምፁ ተጣራ። «አሳየ! አሳየ!»

መጀመሪያ እልል ያለችው አስካለ ናት። እያለቀሰች ነው እልል ያለችው። ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ልጃቸው ንብ ዋሻ ያለባቸው ሁሉ፤ ደጀ ሰላሙ በእልልታ ተሞላ። ወታደሮቹ ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላ አዩ፤ ዘማች በእልልታ እየተሸኘ መሰላቸው መሰል። ተሳስተዋልም አይባልም።

እማማ ካሣነሽ እልል አላሉም። ካቡ ጋ ደርሰው የምራታቸውን ክንድ ጨመቁ። ከአፋፉ ላይ ከተንጠለጠሉበት ቀን ወዲህ ማንንም «አሳይ» ብለው አያውቁም ነበር፤ አሁን ጮኹበት።

«አሳዪው!» አሉ። «ምን ታያለሽ? ለአባቱ አሳዪው እንጅ፣ ልጄ! አሳዪው!»

የሻረግ ካቡ ላይ ወጣች። ሕፃኑን ከነነጠላው በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣችው። ፀሐይ ሲያርፍበት አለቀሰ፣ ሳለ፣ እንደገና አለቀሰ። ሰልፉ ጉብታውን ዞሮ ወደ አርብ ገበያ ሲታጠፍ፣ ከካኪዎቹ መሐል አንዱ ራስ ዞር ያለ መሰላት፤ ከዚያ ርቀት ግን የማን እንደሆነ አይለይም። እጇ ዛለ፤ እሷ ግን ማሳየቷን አላቋረጠችም።